በረባዳ ምድር የሚያድር አቧራ፦ የሌሊት ቅዝቃዜና የቆላ አጥቢያዎቻችን አየር

አባታችን ያዕቆብ ከአማቱ ከላባ ጋር በተነጋገረ ጊዜ ያቀረበው አቤቱታ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 ተጽፎ ይገኛል። መንጋ በመጠበቅ ያሳለፋቸውን ዓመታት ሲያነሣ፣ ከቀኑ ሐሩር ጋር የሌሊቱን ቁርም ጨምሮ ይቈጥራል። በደጋ ያደግን ሰዎች «በረሃ» ሲባል በቅድሚያ የሚታየን ሐሩሩ ነው። መንጋ ጠባቂው ግን ሁለቱንም ያውቃቸው ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለ ሁለተኛው፣ ይልቁንም የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከአቧራና ከጢስ ጋር ሲገናኝ በረባዳና በቆላማ ምድር በሚኖሩ ምእመናን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶች የተዘጋጀ ነው።

በበጋ ወራት በአዋሽ ሸለቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ወይም በአፋር ሜዳ ለኪዳን ጸሎት ማልዶ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ያስተውላል። ፀሐይ ሳትወጣ ከቤቶቹ ጣሪያ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ ነጠላ የተዘረጋ ግራጫ መጋረጃ ይታያል። ዝናብ ስለሌለ እውነተኛ ጉም አይደለም፤ ማታ ከመንገድ የተነሣው አቧራ፣ የምድጃው ጢስና የተቃጠለው ቆሻሻ ሽታ በአንድነት ያደሩበት አየር ነው። ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ሲሆን መጋረጃው ይቀደዳል፤ ቀትር ላይ ደግሞ የሩቅ ተራራ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ነፋሱም፣ መኪናውም፣ የከብቱ ኮቴም የሚበረታው ግን በቀን ነው። አቧራ የሚነሣው በይበልጥ በቀን ሆኖ ሳለ አየሩ የሚከፋው በንጋት የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልሱ ያለው መሬት ሌሊት በምታደርገው ነገር ላይ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመናና የውሃ እንፋሎት በበዛበት አገር ከዚህ ሙቀት ከፊሉ ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው ማለት ይቻላል። የበረሃ ሰማይ ግን ደረቅና ጥርት ያለ በመሆኑ ጋቢ የለውም። ስለዚህም በደረቅ ምድር በቀኑ ሙቀትና በሌሊቱ ሙቀት መካከል የ15 ወይም የ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅዝቃዜው የሚጀምረው ከታች መሆኑ ነው። በቅድሚያ የሚበርደው መሬቱ ነው፤ አየሩ የሚቀዘቅዘው የበረደውን መሬት በመንካት ነው። ከ200 ሜትር በላይ ያለው አየር ግን የቀኑን ሙቀት እንደያዘ ያድራል።

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ስለሚከብድም በተራራና በኮረብታ ጎን ላይ የቀዘቀዘው አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በየፈፋውና በየሸለቆው ወርዶ በዝቅተኛው ስፍራ ይተኛል። ይህን ለማወቅ የደጋ ገበሬ የሚያስተምረው አላስፈለገውም፤ ውርጭ ከዳገቱ ማሳ ይልቅ የረባዳውን ባቄላ አስቀድሞ እንደሚመታ አባቶቻችን ያውቁ ነበርና። በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ የሆነውን ብንመለከት፣ በምሥራቅ በኩል እነ ጭላሎ 4000 ሜትር ገደማ፣ በምዕራብ በኩል የጉራጌ ተራሮች ከ3500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ሲቆሙ፣ የዝዋይ ሐይቅ በመካከላቸው በ1600 ሜትር ከፍታ ግድም ላይ ይገኛል። ከሁለቱም ወገን የሚወርደው የሌሊት አየር ማረፊያው ይኸው መካከል ነው።

በተለመደው ሁኔታ ወደ ላይ በወጣን መጠን በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሌሊት በረባዳ ምድር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከታች ብርድ፣ ከላይ ሙቀት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ «የሙቀት ተገላቢጦሽ» እንለዋለን። የዚህ ተገላቢጦሽ ዋና ጠባይ የአየርን የላይና የታች እንቅስቃሴ ማገዱ ነው። ከባዱ አየር ከታች ስለተቀመጠ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የለም፤ ቀላሉም ከላይ ስለሆነ ወደ ታች አይወርድም። በምጣድ ላይ አክንባሎ ሲገጠም እንፋሎቱ ከውስጥ እንደሚቀር፣ ከታች የተነሣው አቧራና ጢስም ከሞቃቱ አየር ሥር ተከድኖ ያድራል።

ክዳኑ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። በበረሃ ቀትር ላይ በፀሐይ የጋለው አየር እስከ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ እየተላወሰ ይደባለቃል፤ በሰሃራ እጅግ በሚሞቅበት ወቅት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ግን የሚደባለቀው አየር ከ100 ወይም ከ200 ሜትር ላይበልጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ሊያንስ ይችላል። በቀን 2000 ሜትር ውስጥ የሚበተን አቧራ በሌሊት 100 ሜትር ውስጥ ቢታፈን ጥግግቱ 20 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ማታ አንድ መኪና የሚያስነሣው አቧራ፣ በቀን በርካታ መኪኖች ከሚያስነሡት ይልቅ የተኛውን ሕፃን ሊጎዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

«እኛ ዘንድ ሌሊትም ብርድ የለም» የሚሉ የአሳይታ፣ የዱብቲ ወይም የሎጊያ አባቶች ቢኖሩ እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ «ቀዝቃዛ» የሚለው ቃል የሚነገረው ለሰው ገላ ሳይሆን ለአየሩ ንጽጽር ነው። በምድር ላይ ያለው አየር 28 ዲግሪ፣ ከላይ ያለው ደግሞ 32 ዲግሪ ቢሆን ጋቢ የሚያስፈልገው ሰው አይኖርም፤ ክዳኑ ግን ተገጥሟል። በላብ የሚያድር ሰው ይህን አቧራ የሚተነፍሰው በደጅ በአልጋ ላይ ተኝቶ መሆኑ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፍባቸው ከተሞች የከባድ መኪና ጢስና አቧራ ስለሚጨመርባቸው ነገሩን ከሌላው አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው ሌሊቱ አቧራን እንዴት እንደሚያፍን ነው። ሌሊቱ ግን ለማግሥቱ አቧራ ነፋስም ያዘጋጃል። ክዳኑ ሲገጠም ከላይ ያለው አየር ከመሬት ይለያል፤ ከዛፍ፣ ከኮረብታና ከቤት ጋር የሚያደርገው ፍትጊያ ስለሚቋረጥ እግረ ሙቁ እንደ ወለቀለት ፈረስ መፍጠን ይጀምራል። ከምድር ጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍ ብሎ የሚሄደው ይህ የሌሊት ፈጣን ነፋስ ከታች ላለው ሰው አይታወቀውም፤ በቤቱ ደጅ የሻማ መብራት ሳይወዛወዝ ከራሱ በላይ ብርቱ ነፋስ ያልፋል። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ይከፈታል፤ የላዩ ነፋስም ከነኃይሉ ወደ ምድር ይወርዳል። ረፋዱ ላይ በድንገት የሚነሣው አቧራ በብዙ ስፍራ ምንጩ ይኸው ነው።

ለዚህ በዓለም የታወቀው ምሳሌ በሰሜን ቻድ የሚገኘው የቦዴሌ ረባዳ ነው። በቲቤስቲና በኤነዲ ተራሮች መካከል የሚያልፈው ነፋስ ሌሊት ከፍ ብሎ ይፈጥናል፤ ረፋዱ ላይም ምድር ይነካል። በ2005 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በስፍራው ተገኝተው የለኩትም ይህንኑ አሳይቷል። የሚነሣው አቧራ ተራ አሸዋ አይደለም፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ከዛሬው እጅግ የሚሰፋው የቻድ ሐይቅ ጥሎት የሄደው፣ በውሃ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ደቃቅ ፍጥረታት ቅሪት ነው። ነጭና ቀላል በመሆኑ አትላንቲክን ተሻግሮ ደቡብ አሜሪካ ድረስ ይጓዛል። ቦዴሌ ከዓለም የአቧራ ምንጮች ዋነኛው ተብሎ የሚጠራው በዚህ ነው።

ቀዝቃዛ አየር አቧራ የሚያስነሣበት ሌላም መንገድ አለ። በክረምት ወራት ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብ በደረቅ አየር ውስጥ ሲወርድ ጠብታው መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ በመትነኑም አየሩን ያቀዘቅዘዋል። የከበደው አየር ወደ ምድር ወድቆ ወደ ፊት ይስፋፋል፤ ከፊቱም የአቧራ ግድግዳ እየገፋ ይሄዳል። የካርቱም ሰዎች ሐቡብ የሚሉት ይህን ነው። በአፋር ሜዳም ከምዕራቡ የደጋ ጠርዝ ላይ ዝናብ በሚጥልበት ምሽት ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ሐቡብ ሲመጣ ስለሚታይ ሰው በሩን ይዘጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛውን አቧራ ግን ስለማያይ በሩን አይዘጋም። በእኔ ግምት ከሁለቱ ይበልጥ ልንነጋገርበት የሚገባው የማይታየው ነው።

አቧራ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ወፍራሙ የአሸዋ ቅንጣት በነፋስ እየዘለለ ተመልሶ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ግን መሬቱን እየደበደበ ደቃቁን ከተኛበት ያስነሣዋል። ጉዳት የሚያደርሰው ደቃቁ ነው። ባለሙያዎች መጠኑን የሚለኩት በማይክሮን ሲሆን አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ይገመታል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ቅንጣት አፍንጫን አልፎ ወደ መተንፈሻ ቱቦ ይገባል፤ ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው አቧራ በአንድ ቀንና ሌሊት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ45 ማይክሮግራም፣ ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በአቧራ በታጠነ በረሃማ መንደር ይህ ልክ በብዙ እጥፍ ሊታለፍ ይችላል።

አስም ያለበት ሰው፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ቀዳሚ ተጎጂዎች ናቸው። ለካህናት አባቶች በተለይ ማንሣት የሚገባን ደግሞ የማጅራት ገትር በሽታ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው መቀነት ውስጥ ይህ ወረርሽኝ የሚበረታው በደረቁና አቧራማው ወቅት ሲሆን ዝናብ ሲጀምር ይቀንሳል። ደረቅ አየርና አቧራ የጉሮሮን ስስ ሽፋን ስለሚያደርቁና ስለሚያቆስሉ ለበሽታው በር ይከፍታሉ ተብሎ ይታመናል። መከላከያው ክትባት እንጂ አቧራ መጥረግ አይደለም። ሆኖም የጤና ባለሙያዎች ለክትባት ሲጠሩ በዐውደ ምሕረት ማስታወቂያ የሚነገረው ወቅቱን ጠብቆ እንዲሆን ይህን ማወቁ ይረዳል።

አቧራ የሚነሣበት መሬትም ታሪክ አለው፤ በዚህ ረገድ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው የኦወንስ ሐይቅ ለእኛ አገር መስታወት ነው። ሐይቁ በሁለት ረጃጅም ተራሮች መካከል ባለ ደረቅ ረባዳ ውስጥ የተኛ ጨዋማ ውሃ ነበር። በ1913 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ከተማ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ በረጅም ቦይ ወደ ራሷ ወሰደች። ከ15 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 280 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ በአመዛኙ ደረቀ። ነጩና ልሙ የሐይቅ ወለል በነፋስ መነሣት ጀመረ፤ በውስጡም ጨውና አርሰኒክ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር ነበረበት። ስፍራው በአሜሪካ ካሉት ሁሉ የላቀ ነጠላ የአቧራ ምንጭ እስከ መባል ደረሰ። ከብዙ ክርክር በኋላ ከተማዋ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወለሉ ላይ ስስ ውሃ በመልቀቅ፣ ጠጠር በማልበስና ጨው የሚችል ሣር በማብቀል አቧራውን ስትከላከል ቆይታለች። ወጪው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በልጧል። የወሰደችው ውሃ ዋጋ በየዓመቱ እንደገና የሚከፈል ሆነ ማለት ነው።

የእኛው አብያታ ሐይቅ ከዚህ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ። አብያታ ጥልቀት የሌለው፣ ሶዳ የበዛበት ሐይቅ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ዋና መጋቢው ሲሆን ከላይ ለመስኖ የሚወሰደው ውሃ ሲጨምር፣ ከሐይቁም ለሶዳ ምርት ውሃ ሲቀዳ፣ ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ሸሽቷል። የተገለጠው ወለል ነጭ ነው። በምሥራቅ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት የታየበት ጊዜ ቅርብ ነው። በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ የሚኖረው ስስ ቅርፊት ካልተነካ ነፋሱን ይቋቋማል፤ መኪና ሲሄድበትና መንጋ ሲነዳበት ግን ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ደቃቁ አቧራ የሚይዘው የለም። በእንዲህ ያለ ወለል አጠገብ የሚገኝ አጥቢያ መሬቱን ለማራስ ኃይል ባይኖረውም፣ መንገዱ በወለሉ ላይ እንዳያልፍ፣ የከብት መንጃውም በአንድ መስመር እንዲወሰን ከቀበሌውና ከአርብቶ አደሩ ማኅበረሰብ ጋር መነጋገር ይችላል።

(በነገራችን ላይ መነኮሳት ከረባዳ በረሃ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። አባ መቃርስ የመነነበት ገዳመ አስቄጥስ፣ የዛሬው የግብፅ ዋዲ ናጥሩን፣ ከባሕር ወለል 20 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ ጨዋማ ሐይቆች የሚገኙበት ረባዳ ነው።)

አሁን ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን እንመለስ። በብዙ አጥቢያዎች ግቢውን የሚጠርጉ እናቶች በረከት ፈልገው የሚመጡት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ ምእመናን ሳይሰበሰቡ ነው። ሥራው የተቀደሰ ነው፤ ሰዓቱ ግን ከሰዓታት ሁሉ የከፋው ነው። ክዳኑ እጅግ ዝቅ የሚለው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ በመጥረጊያ የተነሣው አቧራ ለኪዳንና ለቅዳሴ የሚመጣውን ሕዝብ ጠብቆ ይቆያል፤ በቅድሚያም የሚተነፍሱት እናቶቹ ራሳቸው ናቸው። ጠረጋው ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢደረግ፣ ከመጠረጉም በፊት መሬቱ በጥቂት ውሃ ቢረጭ፣ ያው በረከት ያለ ሳል ይገኛል። ይህን ለእናቶቹ የሚነግራቸው ሰው የሚያከብሩት አባት ቢሆን ይመረጣል፤ «አትጥረጉ» የተባሉ እንዳይመስላቸው፣ ምክንያቱ ተተንትኖ ይነገራቸው።

የደረቀ ቅጠልና ቆሻሻ ማታ ማቃጠልም እንዲሁ ነው። ሲመሽ ነፋሱ ስለሚረጋ እሳቱ አያስፈራም፤ ጢሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ በመንደሩ ላይ ይተኛል። ቅጠሉ ቢቀበር ለግቢው ችግኝ ብስባሽ ይሆናል። መቃጠሉ ግድ የሆነ ነገር ካለ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰው እየጠበቀው፣ ይቃጠል። ስለ ዕጣንና ስለ ደመራ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ዕጣኑ የጸሎት ሥርዓት ነው፣ ደመራውም በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የምንነጋገረው ስለ ዕለት ተዕለቱ ነው።

ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች ግንባታውን የሚያፋጥኑት በበጋ በመሆኑ ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከታቸዋል። አሸዋ መንፋትና ሲሚንቶ ማራገፍ ለማታ የሚቀር ሥራ ሊሆን አይገባም። አሸዋው እርጥብ ሆኖ ቢነፋ ሠራተኛውም ጎረቤቱም ይድናል። ሠራተኛው በአፉ ላይ የሚያስረው ጨርቅ ወፍራሙን አቧራ ይይዝለታል፤ ደቃቁን ግን አያግድለትም፤ ስለዚህ በጨርቁ ታምኖ ደረቅ አቧራ ውስጥ እንዲውል ማድረግ ትክክል አይደለም።

አዲስ የአብነት ትምህርት ቤት፣ የካህናት መኖሪያ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሲታሰብ ቦታው ከረባዳው ወለል ይልቅ ከዳገቱ ጎን ጥቂት ከፍ ያለ ቢሆን ልዩነት አለው። በተራራ ጎን መካከል ላይ ሌሊት ከታቹም ከአናቱም የሚሞቅ ቀበቶ ይኖራል፤ ቀዝቃዛው አየር ከእርሱ በታች ይተኛል። በርካታ አሮጌ አድባራት በኮረብታ ላይ መሠራታቸው ለዚህ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥቅሙ ግን አለ። ቦታው ተወስኖ ያለቀ ከሆነ ደግሞ ምድጃው ከመኝታ ቤቶቹ በታች፣ አየሩ በሚፈስስበት አቅጣጫ መጨረሻ ላይ ይሁን። የሌሊት አየር እንደ ውሃ ይወርዳልና፣ ጎርፍ በየት ይሄድ እንደነበር የሚያውቅ ሽማግሌ ጢሱ በየት እንደሚሄድም ይነግራል።

የቤተ ክርስቲያን ደን ነፋስን እንደሚገታና አቧራን እንደሚይዝ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። በቆላ የሚተከለው ግን የአካባቢው ግራርና ሌላ አገር በቀል ዛፍ ይሁን። በአፋር ፕሮሶፒስ ለበጎ ታስቦ ገብቶ የግጦሽ መሬትን ምን ያህል እንደ ወረረ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ፈጥኖ ያድጋል በሚል ብቻ ማንም ወደ ግቢው እንዳያስገባው።

ከሁሉ ይልቅ ዝግጅት የሚሻው የከተራ ሌሊት ነው። ታቦታቱ ጥር 10 ቀን ወርደው የሚያድሩት በአብዛኛው በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር፣ ማለትም በአካባቢው ዝቅተኛ ስፍራ ነው፤ ወሩም ሰማዩ ጥርት የሚልበትና ክዳኑ የሚጠነክርበት ነው። በዚያ ረባዳ ሺህ ሕዝብ ቆሞ ያድራል፤ ማኅሌቱ፣ ቅዳሴው፣ የምእመናኑ ዝማሬ ሁሉ በጥልቀት መተንፈስን ይጠይቃል። በባቱ ከተማ እንደሚደረገው በሐይቅ ዳር በሚከበርበት ስፍራ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ሌሊት ውሃው ከየብሱ ስለሚሞቅ ቀላሉ ነፋስ የሚነፍሰው ከየብስ ወደ ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ የመንገዱና የከተማው አቧራ አቅጣጫው ወደ ሕዝቡ ነው። የበዓሉ አስተባባሪዎች መኪኖች ከሜዳው ርቀው በውሃው ወገን እንጂ በየብሱ ወገን እንዳይቆሙ ማድረግ ባይችሉ እንኳ፣ ሲመሽ ከ12 ሰዓት በኋላ በሜዳው ዙሪያ እንዳይመላለሱ መከልከል ይችላሉ። ሜዳው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውሃ ቢረጭ፣ ከተቻለም ከቄጠማው ሥር ጭድ ቢነሰነስ፣ የሕዝቡ እግር የሚያስነሣው አቧራ ይቀንሳል። ለብርድ የሚነደው እሳት ከሕዝቡ በላይ ሳይሆን ከሕዝቡ በታች በሆነው ወገን ይሁን። አስምና የልብ ሕመም ያለባቸው ምእመናንም ከመሃል ይልቅ ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ቦታ ይሰጣቸው።

አጥቢያው በራሱ ምድር ላይ ክዳኑ መቼና ምን ያህል እንደሚገጠም ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻውም። ሁለት ተራ የሙቀት መለኪያዎች ይበቃሉ፤ አንዱ በግቢው ዝቅተኛ ስፍራ፣ ሁለተኛው በአቅራቢያው ባለ ኮረብታ ላይ፣ ሁለቱም ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብለው፣ ከግድግዳና ከምድጃ ርቀው በጥላ ይሰቀሉ። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ያንብቧቸው። ከታች ያለው ከላይኛው ያነሰ ቁጥር ካሳየ ተገላቢጦሹ አለ፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ክዳኑ ጠንካራ ነው። መለኪያ በሌለበት የአንድ ቤት የማለዳ ጢስ ይታይ፤ ቀጥ ብሎ ጥቂት ከወጣ በኋላ ወደ ጎን ተኝቶ ከተዘረጋ፣ የተዘረጋበት ከፍታ የክዳኑ ከፍታ ነው። ንባቡን በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አማካይነት ከታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ በየዕለቱ በመዝገብ የሚያስጽፍ ሰበካ ጉባኤ፣ እስከ ከተራ ድረስ የ40 ንጋት ንባብ ይኖረዋል።